መርዶ ያልያዘው ሯጭ

ባለቤቴ አስማማው ካረፈ ሰባት ወር ሆነ። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚያውቀውን ሲያወራ ሰነበተ። ደግነቱን አወሩ፤ ቁጣውን አወሩ፤ በእጁ የሠራቸውን የመንገድ ዳር ቦዮች ሳይቀር አወሩ። ማራቶን መሮጡን ያነሳው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ተሳስቶ "አንደኛ ወጥቶ ነበር" አለ። አላረምሁትም። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነገር ሳያርም ያልፋል። አሁን ቀስ እያልሁ፣ በቀን አንድ ገጽ ያህል፣ እንደሆነው ልጽፈው ተነሣሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ደባርቅ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርሁ፤ እሱ ከመንገድ ጥገና ሠራተኞች ጋር አካፋ ይዞ ይውላል። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። የምነግራችሁ ነገር በግንቦት ሲሆን የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሼ ሦስተኛ ወሬን ይዤ ነበር፤ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱ እየተመዘገበ የሚሄድበት ጊዜ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በያዘው ዝርዝር ላይ የአስማማው ስም ነበረበት።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። በኅዳር ወር አንድ ቀን አስማማውን ጠራውና፣ "ስማ፤ በግንቦት በአውራጃው የማራቶን ማጣሪያ ይደረጋል። ሁለት ሰው ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ይመረጣል። የተመረጠ ሰው በዚህ ዙር አይነካም፤ ከበላይ የመጣ ቃል ነው። አንተን ደግሞ አካፋ ተሸክመህ ስትሮጥ አይቼሃለሁ" አለው።

አስማማው ቤት ገብቶ ይህን ሲነግረኝ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"ብርቄ፣ ያን ቀን የሮጥሁት እኮ ዝናብ መጥቶብኝ ነው።"

እንግዲህ ልምምዱ የተጀመረው እንደዚህ ነው። አሠልጣኝ የለን፣ መጽሐፍ የለን። ሰዓት እላፊው ሲነሣ ጠብቆ ይወጣል፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወርድና ተመልሶ ይወጣዋል፤ ከዚያ ቆሎውን ኪሱ ውስጥ ጨምሮ ወደ ሥራው ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ሽቅቡን የሚወጣው እየሮጠ ሳይሆን እያቃሰተ ነበር። የጭነት መኪና ሾፌሮች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው "ጓድ፣ ማን አባረረህ? ግባ እናስመልጥህ!" ይሉታል። የሸራ ጫማው በሁለተኛው ወር ተቀደደ፤ በጎማ ቁራጭ ለጠፈው። በጥር ወር ጉልበቱ አበጠ፤ ሦስት ሳምንት በሞቀ የጨው ውኃ እያሸሁት ተቀመጠ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ መሮጡን ቀጠለ። "የንስሐ አባትህን ጠይቅ" ስለው "ጠይቄ ፈቀዱልኝ፤ እኔ ነኝ ያልፈቀድሁት" አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ሁለት ባልደረቦቹ በእጅ ጋሪ ጭነውት መጡ።

"አትደንግጪ እትዬ ብርቄ" አለኝ አንደኛው። "አልሞተም። ርቦት ነው።"

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ጠዋት ሊማሊሞን ከታች እስከ ላይ ሳይቆም ወጣው። ክፍል ውስጥ ፊደል እያስቆጠርሁ ሳለ መስኮቱን አንኳኳ፤ ላቡ እየተንጠባጠበ "ወጣሁት!" ብሎኝ ሄደ። ተማሪዎቼ ምን እንደወጣ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ማጣሪያው እሑድ ሊሆን ሳምንት ሲቀረው መንገዱ ተነገረ። ርቀቱ እንዲሞላ ከዳባት ወዲያ፣ በጎንደር በኩል ወጣ ካለ ቦታ ተነሥቶ ደባርቅ ገበያው ሜዳ ላይ ያልቃል። አስማማው ተጨነቀ። እሱ የሚያውቀው በሌላው አቅጣጫ ያለውን ገደል ነው፤ ከዳባት ወደ ደባርቅ ያለውን መንገድ አንድም ቀን ሮጦበት አያውቅም። "ከውድድሩ በፊት አንድ ጊዜ እግሬ ይወቀው" አለ። ውድድር ሲቃረብ እግር ማረፍ እንዳለበት የነገረን ሰው አልነበረም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣን፤ እኔ ከትምህርት ቤት አንድ ቀን አስፈቀድሁ። ሐሙስ በጭነት መኪና ዳባት ወርደን አጎቴ ቤት አደርን። ዓርብ ጠዋት የአጎቴን በቅሎ ተውሼ ተነሣን። እሱ ይሮጣል፤ እኔ ሰዓቱን አስሬ ከኋላው እከተላለሁ። በየኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ።

"ስንት?" ይላል ፊቱን ሳያዞር።

"ካለፈው ድንጋይ አምስት ደቂቃ!"

"ውሸትሽን ነው!"

"በቅሎዋን ጠይቃት!"

ግማሽ መንገድ ያህል ስንሄድ ነፋስ ተነሣ። የዚያን አገር ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሻሼን ከራሴ ላይ ነጥቆ እርሻ ውስጥ ጣለው። ነጠላዬን ቀድሞውኑ ወገቤ ላይ አጥብቄ አስሬዋለሁ። ፀጉሬ ፊቴ ላይ ተበተነ። በአንድ እጄ ልጓሙን፣ በሌላ እጄ ራሴን ይዤ፣ በቅሎዋም ደክማ ወደ ኋላ እየቀረች ስለነበር ድምፄን ባለ በሌለ ኃይሌ ከፍ አድርጌ ደቂቃውን እጮኻለሁ።

አንባቢዎቼ፣ እስቲ ይህን ከሩቅ ሆናችሁ ተመልከቱት። አንድ ሰው ባዶ እጁን ይሮጣል። ከኋላው አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና እየጮኸች ትከተለዋለች። ነፋሱ ቃሉን አስቀርቶ ጩኸቱን ብቻ ያደርሳል። በእኛ አገር ይህ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ከመንገዱ በላይ አንዲት መንደር አለች። የሚያርሱት ሰዎች በሬዎቻቸውን አቆሙ። አንዱ ከማሳው ላይ "ማን ነው? ማን ነው?" ብሎ ተጣራ። አስማማው ትንፋሹን ላለማባከን መልስ አልሰጠም፤ እጁን አንሥቶ መልሶ ጣለው። "እናንተ ሥራችሁን ሥሩ" ማለቱ ነበር። እነሱ ያዩት ግን ሌላ ነው። ወዲያው ከታች "ወይ! ወይ!" የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ከላይ መንደሩ ተቀበለው። ሴቶች መቀነታቸውን እያጠበቁ ወደ መንገዱ ወረዱ። እኔ አንድ ቤት ለቅሶ ያለ መሰለኝና "ነፍስ ይማር" ብዬ በልቤ ላልፍ ስል፣ አንዲት ሴት ከሕዝቡ ተለይታ በቅሎዋ ፊት መሬት ላይ ተጣለች።

"ልጄን ነው! ልጄን ነው የያዛችሁት! ንገሩኝ!"

እትዬ ጥሩ ይባላሉ። አንድ ልጃቸው ባለፈው ዓመት ለውትድርና ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። መኪናው ይዞት የሄደው በዳባት በኩል ነው፤ እኛም የመጣነው ከዚያው ነው።

አስማማው መንደሩን አልፎ ሄዷል። ጠራሁት። ዞሮ አየኝና መጀመሪያ ያለው "ሰዓቱን አቁሚው!" ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ያሉትን ሴት አየ። ተመልሶ መጥቶ አጠገባቸው ተንበረከከ።

"እናቴ፣ እኛ የማንንም ልጅ አናውቅም። ልምምድ ነው።"

"ምን?"

"ልምምድ። ሩጫ።"

"ወዴት ነው የምትሮጠው?"

"ወደ ደባርቅ።"

"ምን ልታደርስ?"

"ምንም።"

"አያችሁ!" አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። "ምንም ይላል! መጀመሪያ ምንም ነው የሚባለው!"

እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ይክዳል። "ደኅና ነው፤ ትንሽ አሞት ነው" ይላል። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ንጋት እስኪደርስ ይደብቃል፤ ጎሕ ሲቀድ ይነግራል። ስለዚህ እኛ አይደለም ባልን ቁጥር ነገሩ እርግጥ እየሆነ ሄደ። እኔ ከበቅሎ ወርጄ "እትዬ፣ እኔ የደባርቅ አስተማሪ ነኝ፤ ይህ ባሌ ነው" አልኋቸው።

"አስተማሪ ነው የላኩብኝ!" ብለው ደረታቸውን መቱ። "እንዴት ያለ ነገር ቢሆን ነው የተማረ ሰው የላኩብኝ!"

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ውበቱ ጠመንጃቸውን አንግተው ደረሱ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የይለፍ ወረቀታችንን አወጣሁ። እሱን ባላወጣሁት ይሻል ነበር። ወረቀቱ ሲታይ "ማኅተም አለው፤ የመንግሥት ማኅተም አለው" የሚል ሹክሹክታ ተነሣና ለቅሶው እንደ አዲስ ቀለጠ። አያ ውበቱ ማንበብ አይሆንላቸውም፤ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው።

"ሌላ የለውም?" አሉኝ።

"የለውም አያ ውበቱ።"

"የዘለልሽው የለም?"

"ልጄ ይሙት የዘለልሁት የለም" አልሁ፤ ሳላስበው። ልጅ እንዳለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ የወጣው ያን ጊዜ ነው። አስማማው ቀና ብሎ አየኝ።

አያ ውበቱ ኋላ ለብቻችን ወሰዱንና "እኔ አምኛችኋለሁ" አሉ። "ነገር ግን ያለ ሬሳ የፈሰሰ እንባ ለመንደሩ ደግ አይደለም። ሴትዮዋ ልቧ ተመልሶ እህል ሳትቀምስ ብትሄዱ፣ ነገ እሷ ብትሞት የገደላችኋት እናንተ ናችሁ። እሷ እህል እስክትቀምስ እዚህ ናችሁ።"

"አያ ውበቱ፣ ከነገ ወዲያ ውድድር አለብኝ" አለ አስማማው።

"እኔስ ለቅሶ አለብኝ" አሉት።

እትዬ ጥሩ እህል እንዲቀምሱ እስከ ማታ ተለመኑ። በዓለ ሃምሳ ሳይወጣ ስለነበር ዓርብ ቢሆንም ጾም ነው ማለት እንኳ አልቻሉም። እርጎ መጣ፤ ገፉት። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ለመኑ፤ "አባ፣ ጎሕ ሲቀድ እበላለሁ፤ መጀመሪያ ይንገሩኝ" አሉ። እኛን ቄሱ ቤት አሳደሩን። አስማማው እግሩን ዘርግቶ ጉልበቱን ሲያሽ አየሁት። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሑድ ካለፈ ያ ዝርዝር አለ። ሆዴን ይዤ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሕዝቡ በሙሉ እትዬ ጥሩ ደጃፍ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እኛን ያያል። ሰማዩ ገረጣ፣ ቀላ፣ ፀሐይ ወጣች። መርዶ ከዚህ በኋላ አይዘገይም። እትዬ ጥሩ ከንፈራቸው ደርቋል።

"ንገሪኝ እንጂ" አሉኝ፤ ያን ጊዜ እንኳ አልጮኹም።

"የምነግርዎት የለኝም እትዬ" አልሁ። "ላሳይዎት ግን እችላለሁ። ይምጡ፣ መንገዱ ዳር ይቀመጡ።"

ደግፈን አወረድናቸው፤ ሕዝቡም ተከተለ። አስማማውን "ትናንት እንደሮጥኸው ሩጥ፤ እስከሚቀጥለው ድንጋይ ሄደህ ተመለስ" አልሁት።

"ብርቄ፣ ነገ እኮ..."

"አውቃለሁ። ሩጥ።"

ሮጠ። ሄዶ ተመለሰ። እኔም ነጠላዬን ታጥቄ፣ እጄን ራሴ ላይ ጭኜ፣ ልክ እንደ ትናንቱ ደቂቃውን ጮኽሁ። ሰው ሁሉ ያያል። አንዲት ሴት "ሌላ የለውም? መሄድና መምጣት ብቻ?" ስትል ሰማኋት። "ድገመው" አልሁት፤ ደገመው። ሦስተኛውን ሳልነግረው በራሱ ሄደ። ሲመለስ ጠዋቱ ፊቱ ላይ በርቶበት ነበር፤ እርምጃው ሰፋ፣ ትከሻው ወረደ። እትዬ ጥሩ ከተቀመጡበት በጉልበታቸው ተነሥተው አተኩረው አዩት።

"ይኼ ሰው ደስ ብሎታል" አሉ።

በጣታቸው እያሳዩ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"እዩት እስቲ! ይስቃል እኮ! መርዶ የያዘ ሰው እንዲህ አይሮጥም። ያንን መንገድ እኔም አውቀዋለሁ፤ እግር አይነሳም።"

ዞር ብዬ ባሌን አየሁት። እውነትም ይስቅ ነበር። አምስት ወር ተኩል ሙሉ ሰዓቱን እንጂ ፊቱን አይቼ አላውቅም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስማማው ፈርቶ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር፤ ለእኔ፣ ለፅንሱ፣ ከዝርዝሩ ለማምለጥ። መጀመሪያ እንደዚያ ይሆናል። በየትኛው ጠዋት እንደሆነ አላውቅም፣ ሊማሊሞ ላይ አንድ ቦታ፣ ፍርሃቱን ጥሎት ሩጫውን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ይህን ያየችልኝ ስታለቅስ ያደረች እናት ናት።

"ታዲያ ለምንድን ነው የሚሮጠው?" አሉኝ እትዬ ጥሩ።

አያ ውበቱ ከነጠመንጃቸው አጠገባችን ቆመዋል። የእትዬ ጥሩን ልጅ ስም አስመዝግበው የላኩት እሳቸው ናቸው። የምለውን አንድ ሰው ደባርቅ ቢያደርሰው ሥራዬን ብቻ አይደለም የማጣው። ግን ከእኚያ ሴት ከዚያ በኋላ እውነቱን መደበቅ አልቻልሁም።

"ቢያሸንፍ ልጅዎት የሄደበት አይሄድም" አልሁ።

እትዬ ጥሩ አያ ውበቱን አዩ፤ እኛም አየን። አያ ውበቱ ወደ ተራራው ዞሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይኼ ነፋስ ትናንት ጆሮዬ ገብቶ ደፈነኝ" አሉ። "ምንም አልሰማሁ። ይልቅ ለሴትዮዋ በሶ በጥብጡ።"

ጠጡ። እትዬ ጥሩ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ አተላው ጠጡት። ከዚያ አስማማውን አስጠርተው ሌላ ዋንጫ ሰጡት፤ "ጠጣ፤ በእኔ ምክንያት ደክመሃል" አሉት። ላቡን በነጠላቸው ጠረጉለት። እሱ ሴትዮዋ እግር ሥር ተቀምጦ ጠጣ። ያን ቀን ከሰዓት በጭነት መኪና ወደ ዳባት ተመለስን፤ በቅሎዋን አያ ውበቱ ራሳቸው ለአጎቴ ሰደዱለት።

እሑድ ሠላሳ ያህል ሯጮች ተሰለፉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ሁለት ወታደሮችም ነበሩ። እኔ ውኃ የጫነችው መኪና ላይ ወጥቼ ከኋላ ተከተልሁ። አስማማው ከመጀመሪያው ከብዶት ነበር። የዓርቡም የቅዳሜውም ሩጫ እግሩ ውስጥ አለ። ዳባትን ሲያልፍ ዘጠነኛ ነው። አፉን ከፍቷል፤ በጥር አብጦ የነበረውን ጉልበቱን ወደ ውጭ ይጥለዋል። ሾፌሩ "ያንቺው ሰውዬ አልቆለታል" አለኝ። ለእኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነው።

መንደሯ ጋ ስንደርስ መንገዱ ዳርና ዳር በሰው ተሞልቷል። የእርሻ ቀን አልነበረም፤ ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወርዷል። ቄሱ ሳይቀሩ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሯጮች ሲያልፉ ሕዝቡ በትሕትና "በርቱ" እያለ አሳለፋቸው። አስማማው ብቅ ሲል እትዬ ጥሩ መሐል መንገድ ገቡ። እጃቸውን ራሳቸው ላይ አልጫኑም። አፋቸውን በእጃቸው ከልለው እልልታውን ለቀቁት፤ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ ተቀበሏቸው። አያ ውበቱ ጠመንጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው "አይዞህ የኔ ልጅ! የኛ ልጅ ነው ይኼ!" እያሉ ከጎኑ ሮጡ፤ እውነቴን ነው፣ በስልሳ ዓመታቸው ሮጡ። አንድ መቶ እርምጃ ያህል ሄደው ሳል ያዛቸው።

አስማማው ከመንደሯ ሲወጣ ትከሻው ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ አወቅሁ። ከመኪናው ላይ ፊቱን ማየት ባልችልም እንደሚስቅ አወቅሁ። ስምንተኛውን አለፈ፣ ሰባተኛውን አለፈ። ተማሪዎቹ ሽቅቡ ላይ አንድ በአንድ መራመድ ጀመሩ። እሱ ስንት ጊዜ ሊማሊሞን ወጥቷል! ደባርቅ ስትታይ ከፊቱ ሁለቱ ወታደሮች ብቻ ቀርተዋል። አንደኛው ርቋል። ሁለተኛው ወደ ኋላ እየዞረ ያያል። ሾፌሩ ጥሩንባውን ሳያቋርጥ ይነፋል፤ እኔ የመኪናውን ጣሪያ በሁለት መዳፌ እደልቃለሁ። "ደቂቃ ንገሪው እንጂ!" አለኝ ሾፌሩ። ሰዓቱን አላየሁትም። "አስማማው! አስማማው!" ብቻ ነው ያልሁት።

ገበያው ሜዳ አፋፍ ላይ አለፈው። ሁለተኛ ሆኖ ገባ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሕዝቡን ጥሶ መጥቶ አቀፈው። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ስንሄድ ዝርዝሩን ከመሳቢያው አወጣ፤ በቀይ እስክሪብቶ በባሌ ስም ላይ መስመር አሰመረ። ያንን መስመር በዓይኔ አይቻለሁ። ኋላ በጎንደሩ ውድድር አስማማው ማንም የማያስታውሰው ቦታ ወጣ፤ ቡድኑ ግን ሁለት ዓመት አቆየው፤ የምልመላው ዙሮችም አለፉ። በዚያው ክረምት ማለቂያ ላይ እትዬ ጥሩ ያልተከፈተ ደብዳቤ በጉያቸው ይዘው በእግራቸው ደባርቅ መጡ። "ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈለግሁም" አሉኝ። ከልጃቸው ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብሁላቸው፤ አንድም ቃል አልዘለልሁም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ ትዳር ውስጥ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አብሯችሁ የሚኖረው ሰው የሚወደውን ሥራ ሲሠራ ሰዓቱን ትታችሁ ፊቱን እዩት። እኔ ያን ቀን ባላየው ኖሮ ፈሪ ባል እንዳገባሁ እያሰብሁ እኖር ነበር። ስላየሁት ግን ከዚያ በኋላ በቤታችን የመጣውን ችግር ሁሉ፣ የደርግን መውደቅ፣ ሥራ ማጣትን፣ በመጨረሻም ሕመሙን፣ ከደስተኛ ሰው ጋር ሆኜ ተሻገርሁት።

ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲመጡ "ቶሎ ተለየሽ" ይሉኛል። ቶሎ አልተለየኝም እላቸዋለሁ። በሃያ ስድስት ዓመቱ ሊለየኝ ተጽፎ ነበር። የወለድሁት ልጅ አባቱን አውቆ፣ በአባቱ እጅ አድጎ፣ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ ቀበረው። እኔ አልቅሻለሁ፤ አሁንም አለቅሳለሁ። ግን ባሌ በእግሩ ሮጦ ባመጣልኝ ዕድሜ ነው ያረጀሁት።